ስም ያልተጻፈባቸው አዝራሮች

ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት ልጄን ይዤ ለመመለስ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ የወጣበትን ጉዳይ ደብቆ ስለ ጋራና ሸንተረሩ የሚያወራ መንገደኛ አንባቢውን ያታልላል።

ቤዛ የመጀመሪያ ልጄ ናት። አራት ኪሎ ተምራ ከተመረቀች በኋላ እዚያው አዲስ አበባ ቀረች። ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ አነስተኛ ድርጅት ተቀጥራ ትሠራለች። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ፒያሳ ሄዳ፣ የሥጋ ዘመዶቿ ካልሆኑ ሰዎች ጋር የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም በነጻ ትሠራለች። እኔ የቶርኖ ባለሙያ ነኝ፤ ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጽ ማሽን እሠራለሁ። ብረት መቁረጥን ማንም አላስተማረኝም፤ ባለሙያዎች ሲሠሩ ቆሜ በዓይኔ ለቅሜ ነው የተማርሁት። በነጻ የተሰጠኝ ብሎን የለም፤ በነጻ የሰጠሁትም የለም። ስለዚህ ልጄን ሰው መጠቀሚያ እያደረጋት መሰለኝ።

ማሽን ሲሰበርበት የሚጠራኝ የአንድ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ ለቢሮው ኮምፒውተር የሚያውቅ ሠራተኛ ሲፈልግ፣ ልጄን ሰኞ ጠዋት ይዣት እመጣለሁ ብዬ ቃል ሰጠሁት። ለቤዛ የነገርኋት ከዚያ በኋላ ነው። በስልኩ ላይ እሺም እንቢም ሳትል፣ ቅዳሜ ይምጡና የምሠራበትን ይዩ አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ መንገድ

መናኸሪያው ውስጥ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። የተሳፈርሁበት ሚኒባስ እስኪሞላ ረዳቱ ጋቢ የለበሰውን ሁሉ "አዲሳባ፣ አባባ፣ አዲሳባ" እያለ ይጎትት ነበር። ጫጫን አልፈን ሸኖ ስንደርስ አንዲት ሴት በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ልጅቷ አግብታ እንደሆነ ጠየቁ። አላገባችም። ሥራ አጥታ እንደሆነ ጠየቁ። ሥራም አላት። "ታዲያ ምን ሆነች ብለው ነው የሚያመጧት?" አሉ፤ ወደ መስኮቱ ዞርሁና እስከ ሰንዳፋ የገብስ ክምር ሳይ ቆየሁ።

ላምበረት ወርደን በታክሲ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ ደረስሁ። ከዚያ ወዲያ በእግሬ ሄድሁ። ከተማን በታክሲ መስኮት አየሁ የሚል ሰው ከተማውን አላየም ባይ ነኝ።

ፒያሳ

የሠርጌን ቀለበት የገዛሁበትን ወርቅ ቤት ፈለግሁት፤ ሕንጻው የለም። በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አዲስ የመብራት ምሰሶና ገና ያልጠነከሩ ችግኞች አሉ። ንጹሕ ነው፤ አልዋሽም። ግን አቅጣጫ የምለይባቸው ቤቶች ስለሌሉ በምኒልክ ሐውልት ዙሪያ እንደ እንግዳ ዞርሁ። ቤዛ ናት ያገኘችኝ። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል አነሣኋት፤ ከስታለች።

ወደ አንድ ኬክ ቤት ወሰደችኝ። በአንድ ማኪያቶ ዋጋ ድሮ ቤተሰብ ምሳ ይበላ ነበር ብዬ ለአስተናጋጁ ነገርሁት፤ "ያኔ እኔ አልነበርኩም፣ ጋሼ" ብሎ ሒሳቡን አስቀመጠልኝ። ቤዛን የጠየቅኋት አንድ ነገር ነው። ሥራው በኢንተርኔት ከሆነ ደብረ ብርሃን ሆና ለምን አትሠራውም?

ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አባባ፣ አንድ ነገር ሰብሬአለሁ። ዛሬ በሰው ፊት ቆሜ እናገራለሁ። እሱን ይስሙና ከዚያ ይጠይቁኝ።"

ከደረጃው በላይ

የሚሰበሰቡት ከፈረሱት በተረፈ አንድ አሮጌ ሕንጻ፣ ከመነጽር መሸጫ በላይ ነው። የእንጨቱ ደረጃ በእያንዳንዱ እርምጃ ያቃስታል። ክፍሉ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ የተለያየ ወንበርና በርካታ ኮምፒውተር አለ። ስብሰባውን የምትመራው መዓዛ የምትባል ሴት ናት፤ የምትተዳደረው በኬክ ቤት ገንዘብ ተቀባይነት ነው። ሥራቸው "ክፍት ምንጭ" እንደሚባል ነገረችኝ። ማሽን ስትሸጥ ንድፉን ደብቀህ ከመያዝ ይልቅ ከነንድፉ ለሁሉ እንደ መስጠት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ ያወቀ ያሻሽለዋል፣ ያሻሻለውንም መልሶ ለሁሉ ይሰጣል። ማን ይከፍላችኋል ስላት ሳቀች። የቀጣሪዋን ኬክ ቤት ድረ ገጽ ለመሥራት ስትታገል፣ አይታው የማታውቀው ሰው ከሌላ አገር ሆኖ እስኪገባት ድረስ እያስረዳት እንዳመሸ አጫወተችኝ። ልክፈልህ ብትለው፣ ለሚቀጥለው ጠያቂ ክፈይ አላት። እየከፈለች ነው እስካሁን።

እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚያኖሩበት አንድ ገጽ አላቸው፤ "እንዴት መጣሁ" ይሉታል። እያንዳንዱ አባል ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ በራሱ ቃል ይጽፍበታል። አንዳንዶቹን ቆሜ አነበብሁ። ልብስ ሰፊ አለ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር አሉ። ሰው እንዲህ በግልጽ ስለ ራሱ ሲጽፍ ማየት አልለመድሁም፤ ግን ማንበቤን መተው አልቻልሁም።

ኑሩ የሚባለውን አባል ያወቅሁት ያኔ ነው። ዓይኑ አያይም። እጄን ጨብጦ ሳይለቅ መዳፌን ዳሰሰ።

"ቶርኖ ነው ወይስ ብየዳ?" አለ።

ቶርኖ አልሁት።

"ልጅ ሊወስዱ የመጡት ጋሼ እርስዎ ነዎታ! እንኳን ልጅ፣ በዚህ እጅ ሕንጻውንም ነቅለው ይሄዳሉ። ይጠንቀቁ እንጂ፣ ከፒያሳ የቀረችን ይቺ ብቻ ናት።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም መሳቄን አልደብቅም።

ቤዛ ቆማ የተናገረችው

በእነርሱ ዘንድ አንድ ወግ አለ። አንድ ነገር የሰበረ ሰው፣ ሌላው ሥራ ሳይጀመር፣ ተነሥቶ እንዴት እንደሰበረው ይናገራል። ቤዛ ተነሣች። በጣቶቿ የሻርፗን ጫፍ ይዛለች።

ታሪክ የሚጻፍበትን ገጽ እንዲያምር ብላ አዲስ አድርጋ የሠራችው እርስዋ ናት። ጽሑፉ ሲጠናቀቅ የሚነኩ ሦስት አዝራሮች አሉት፤ የሚያስቀምጥ፣ የሚያሳይና የሚሰርዝ። የነበረባቸውን ጽሑፍ አንሥታ በትንንሽ ሥዕል ተካችው። ኑሩ ኮምፒውተር የሚጠቀመው ማያ ገጹን ጮክ ብሎ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። ሥዕሉ ደግሞ ለጆሮ የሚሆን ስም አልተሰጠውም።

"ጋሽ ኑሩ ታሪካቸውን ብዙ ሳምንት ነው የጻፉት" አለች። "ሲጨርሱ አስቀምጣለሁ ብለው የሚሰርዘውን ነኩ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

የሚሆነውን ጠበቅሁ። እኔ ቤት መቁረጫ የሰበረ ሠራተኛ ስሙን እስኪረሳ እጮህበታለሁ። እዚህ የጮኸ የለም። አንዱ የእርስዋን ሥራ ያየው ማን ነበር ብሎ ጠየቀ፤ ለካ የአንዱን ሥራ ሌላው ሳያየው ለሕዝብ አይወጣም። መዓዛ እጇን አነሣች። "እኔ ነኝ። እኔም ያየሁት በዓይኔ ብቻ ነው" አለች፤ ያም በስሕተቱ መዝገብ ላይ ከቤዛ ስም ጎን ተጻፈ። የሠሩት ሁሉ በየደረጃው ተቀምጦ ይኖራል፣ ስሕተቱም ሳይቀር። የጠፋው የኑሩ ታሪክ ብቻ ነው፤ ገና ያልተቀመጠ ነበርና።

መዓዛ እንደገና ይጽፍ እንደሆነ ኑሩን ጠየቀችው።

"አልጽፍም" አለ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። "ዓይኔ የጠፋበትን ጊዜ አንዴ ጽፌዋለሁ። ወላሂ፣ ወደዚያ ጊዜ ሁለተኛ መግባት ከባድ ነው።"

ቤዛ አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ምን ላድርግ ብቻ አለችው።

ኑሩ ወደ ድምፅዋ ዞረ። "መጀመሪያ ማያ ገጹን አጥፍተሽ ገጽሽን በጆሮሽ ተጠቀሚበት። አባትሽም ይሞክሩት፤ እጃቸው እንጂ ጆሯቸው አልተፈተነም።"

አዝራር፣ አዝራር፣ አዝራር

ከመሞከሪያው ገጽ ፊት አስቀመጡኝ። ስለ ራሴ አንድ ነገር እንድል ጠየቁኝና ቤዛ ጻፈችልኝ፦ "የቶርኖ ባለሙያ ነኝ። የተማርሁት በዓይኔ ነው።" ከዚያ ማያ ገጹን አጠፉት፤ የጆሮ ማዳመጫውን ሰጡኝ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ቁልፍ አሳዩኝ። ተጫንሁት። በጆሮዬ ውስጥ ያለው ድምፅ "አዝራር" አለ። ደግሜ ተጫንሁ። "አዝራር።" ደገምሁ። "አዝራር።"

"የትኛው ነው የሚያስቀምጠው?" አልሁ።

"እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር፣ ጋሼ" አለ ኑሩ ከኋላዬ።

አንዱን መርጬ ነካሁት። ማያ ገጹን ሲያበሩት ባዶ ነው። የጠፋው አጭር ጽሑፍ ነው፣ ያውም የመሞከሪያ። ግን የጆሮ ማዳመጫውን አውልቄ ባዶውን ገጽ ደግሜ አየሁት። ቤዛ አጠገቤ ቆማ አፏን በእጇ ከድናለች፤ ገጹን ስትሠራ ብዙ ጊዜ አይታዋለች፣ ሰምታው ግን አታውቅም።

እሑድ

ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስን ተሳልሜ ወደ ደረጃው ስመለስ ቤዛና ኑሩ ቀድመውኛል። ኑሩ ሌሊቱን ሐሳቡን ለውጦ፣ ገጹ ከተስተካከለ ታሪኩን እንደገና ሊጀምር መጥቷል። አዝራሮቹ ስም ተሰጥቷቸዋል። ኑሩ እያንዳንዱን እየሰማ ሦስት ጊዜ መለሳት፤ አንዱ ስም ረዘመ፣ አንዱ ግልጽ አይደለም፣ ሰርዝ የሚለው ከመሰረዙ በፊት እርግጠኛ ነህ ብሎ ይጠይቅ አለ። እርስዋ በዓይኗ የምታስተካክለውን እርሱ በጆሮው ይለካል። ይህ ሥራ ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚሠራ መሆኑን አየሁ። ኑሩ ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ስለሆነ ከቅዳሜና እሑድ በቀር ጊዜ የለውም።

ከዚያ መናገር ጀመረ። በጣቶቹ ከሚጽፈው ይልቅ መናገሩ ቀለለው፤ ቤዛ ጻፈች።

"እኔ የፒያሳን በሮች ስም የጻፍኩ ሰው ነኝ" ብሎ ጀመረ። አባቱ ከወሎ የመጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እርሱ ግን ብሩሽ ይዞ የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፍ ነበር። የዓይን ግፊት እያደር ብርሃኑን ሲወስድበት ለማንም አልተናገረም። የመጨረሻውን ማስታወቂያ ሲጽፍ ፊደሎቹ መጣመማቸውን ያወቀው መንገደኛ ሲስቅ ሰምቶ ነው። ባለሱቁ ምንም አላለም፤ ከፍሎት ሰቀለው። ሱቁ እስኪፈርስ ድረስ ጠማማው ስም እዚያው ነበር።

እዚህ ላይ አቆመ። ለዛሬ ይበቃል አለ፤ የቀረው ብዙ ነው።

ቤዛን ወደ ደረጃው ጠራኋት። ሰኞ ነገ ነው።

"ቃል ሰጥተዋል" አለች። "ካሉኝ እመጣለሁ፣ አባባ። ግን ያጠፋሁትን ሳልጠግን ትቼው ነው የምመጣው።"

ሥራ ቤቴ ግድግዳ ላይ በቀይ የጻፍሁት አንድ ቃል አለ፤ "የሰበረ ይጠግናል።" ልጄ ፊደል የቆጠረችበት ግድግዳ ነው። ለሰው ያወጣሁት ሕግ በራሴ ጉዳይ ላይ ሲመጣ ልሽረው አልችልም።

"ጠግኚ" አልኋት። "ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺ ትወስኛለሽ።"

ጉልበቴን ሳመች፤ በዚህ ጊዜ አላነሣኋትም።

ቤት

ሰኞ ጠዋት ብቻዬን ፋብሪካው ሄድሁ። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ሰው ፈለገ። እንደ ፒያሳዎቹ ቆሜ ነገርሁት፦ የእኔ ባልሆነ ነገር ላይ ቃል ሰጥቻለሁ፣ የሰበርሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ ጥፋት የለባትም። ኮስተር ብሎ አየኝ። ለሌላ ጊዜ ልጅህን ጠይቀህ ና አለኝ። ተገቢ ነው፤ ተቀበልሁ። ከዚያ ወዲህ ማሽን ለመጠገን አልጠራኝም፤ ይጠራኝ እንደሆነም አላውቅም።

መንገዱ ያስተማረኝን ልናገር። በዓይን ለቅሞ የተማረ ሰው ሌላው ሁሉ የሚያይ ይመስለዋል። የቶርኖዬ ሁለት ማንሻዎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ወደፊት ያዞራል፣ አንዱ ወደኋላ። ምንም ተጽፎባቸው አያውቅም፤ እጄ ስለሚያውቃቸው። ከፋብሪካው ስመለስ ቀዩን ቀለምና ቀጭን ብሩሽ አወጣሁ። እጄ ትንንሽ ፊደል አልለመደም፤ "ወደፊት" የሚለው ወደ ግራ ዘመመ። ልደመስሰው ጨርቅ አነሣሁና ተውሁት። ይነበባል።