የቻይናው መርፌ

እናቴን እንቅልፍ የነሳት ወንድሜ በጅቡቲ ድንበር በገላፊ በኩል ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ጀምሮ ነው። ባሕሩን ተሻግሮ ሳዑዲ መግባት ነበር ሐሳቡ። ሰመራ ካለችው ሻይ ቤታችን ደጃፍ የጭነት መኪና ያጥብ ነበር፤ አንድ ጠዋት ባልዲውን ደፍቶ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ሱሪው ሰፍቶት ስለነበር ከአሮጌ መኪና የደህንነት ቀበቶ ቆርጦ መታጠቂያ ሠራ፤ እናቴ ጫፉን ሰፋችለት። ጥቁር ክር አልቆባት በቀይ ነው የሰፋችው። «ሴት አስመሰልሽኝ» ብሎ ሲያኮርፍ ሁላችንም ሳቅንበት።

አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላሉ፤ የተጠየቀው ሰው ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ መናገር ግዴታው ነው። እኛ ከወሎ የመጣን እንግዶች ነን፤ እናቴ ግን ወንድሜ ከሄደ ወዲህ በዳጉ ከአፋሮቹም ባሰች። ከዲቾቶም ይምጣ ከገላፊ፣ አንድ ሽማግሌ ሻይ ካዘዘ አጠገቡ ቁጭ ትላለች። ዝናብ የት እንደጣለ፣ የማን ግመል እንደጠፋች ሁሉ አወቅን። ስለ ወንድሜ ግን ወፍ የለም።

ዱብቲ ሆስፒታል ወስጄ አሳከምኳት። የታዘዘላትን ክኒን «ስልክ ሲደወል እንዳልሰማ ያደርገኛል» ብላ ጣለችው። ስልኩን ሰግዳ እስክትጨርስ እንኳ እኔ ነበርኩ የምይዝላት። ፊቷ ጠቆረ፣ ልብሷ ሰፋት፣ ስኳሩን ከጨው መለየት አቃታት። ደንበኞቻችን መጀመሪያ ቀለዱ፤ በኋላ ዝም ብለው መጠጣት ጀመሩ። እሱ ደግሞ ባሰ።

አዋሽ ስላለው ቻይናዊ የነገረኝ አንድ የምናውቀው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ለባቡር ሐዲዱ ሥራ መጥቶ እዚያው ቀርቷል አሉ፤ ከአንድ ሆቴል ጀርባ ክፍል ተከራይቶ በመርፌ ጭንቀት ያስለቅቃል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይዋጥልኝም። ግን ዓይኔ እያየ እያለቀችብኝ ነበር፤ እንቅልፍ የሚሸጠው ሰይጣን ነው ቢሉኝም ሄጄ እገዛላት ነበር። በሹፌሩ ጋቢና ቀኑን ሙሉ ተጉዘን አዋሽ ገባን፤ አልጋ ይዘን አደርንና በማግስቱ ጠዋት ሄድን።

ክፍሉ ንጹሕ ነው። ሁለት አልጋ፣ መሐላቸው መጋረጃ፣ ከላይ የሚንቋቋ ቬንትሌተር። ቻይናዊው አማርኛ ስለማይሆንለት አንዲት የአዋሽ ልጅ ታስተረጉምለታለች። የእናቴን ምላስ አየ፣ የእጇን የደም ሥር ዳሰሰ፣ ስለ ሆዷና ስለ እንቅልፏ ጠየቀ። ስለ ልጇ አልጠየቀም፤ እኛም አልነገርነውም።

እናቴ የምታውቀው ዋግምት ነው። «ደም ካልወጣማ ምኑን ታከምኩት?» አለች በጆሮዬ።

እንደ ፀጉር የቀጠኑ መርፌዎች በቅንድቦቿ መሐል፣ በእጆቿና በእግሮቿ ላይ ሰካላት። ልጅቷ ግማሽ ሰዓት መንቀሳቀስም ማውራትም እንደማይቻል ነግራን ተከትላው ወጣች። እኔ ራስጌዋ ተቀመጥኩ። ቀስ በቀስ የግንባሯ መስመር ተፈታ፣ ዓይኗ ተከደነ፣ ትንፋሿ ረዘመ። አልሀምዱሊላህ፣ ሠራ አልኩ በልቤ።

በዚህ መሐል ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሰው አሳለ፤ ቀጥሎም በአፋርኛ አጉረመረመ። የእናቴ ዓይን ተገለጠ።

«አሰላሙ አለይኩም አባቴ። ከየት ነው የመጡት?»

«ወአለይኩም ሰላም። ከገላፊ ወዲያ፣ ከበረሃው ነኝ። ወገቤን አሞኝ እዚህ ልጄ ጋ መጣሁ።»

«እማ፣ ወሬ አይቻልም ተብሏል እኮ» አልኳት።

«ምን አዩ? ምን ሰሙ?» አለች፤ እኔን ከቁብም አልቆጠረችኝ።

ከመጋረጃው ጫፍ የሽማግሌው እግር ይታየኛል፤ እሳቸውም መርፌ ተሰክቶባቸዋል። ምናለ ዝም ቢሉ! ግን ዳጉ ተጠየቁ። ዝናቡ ዘንድሮ እንዳልጣለ ነገሯት። ዲቾቶ ላይ ስለተገለበጠ መኪና ነገሯት። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ ቀጠሉ።

«የደጋ ልጆች በረሃው ላይ ውሃ ጥም ገደላቸው። መንገድ ጠፍቷቸው ነው። እኛ አገኘናቸው። ሰግደን ቀበርናቸው።»

«ምን ለብሰው ነበር አባቴ?»

«አንዱ ረጅም ነው። ወገቡን በመኪና ቀበቶ ታጥቋል፤ ጫፉ ቀይ ክር አለው። ሰው ቢፈልገው ብለን ቀበቶውን መቃብሩ ድንጋይ ላይ አሰርነው።»

ያን ባህል በዚያች ደቂቃ ጠላሁት። ሰው እንዴት አንዲት ክር እንኳ አይቀንስም?

«ቀይ ክር» አለች እናቴ።

«ልጅሽ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ልጄ ነው።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ይዘንለት።»

አልጮኸችም። እንባዋ በግራና በቀኝ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። እጇን አንስታ እንዳትጠርገው መርፌ አለበት። በሻርፔ ጫፍ ስጠርግላት ሌላ ይመጣል።

ቻይናዊው ተመልሶ ሲገባ እንባዋን አየና ፊቱ በራ። አንድ ነገር ተናገረ፤ ልጅቷ ፈገግ ብላ ተረጎመችልኝ። «በጣም ጥሩ ነው ይላል። ጭንቀቱ እየወጣላቸው ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለቅሳል።»

አንገቱን ማነቅ አማረኝ። ምን አጠፋ? ምንም።

«ንቀልላት» አልኩት። እጁን ወደ ግንባሯ ሲዘረጋ እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«ተወው፣ ይቆይ።»

«እማ፣ ተነሽ፣ ቤታችን እንሂድ።»

«ይቆይ አልኩሽ፣ ልጄ። ከነቀለው መነሳት አለብኝ።»