እማማ ጥሩወርቅ በፈትል የሸፈኑት ሽቦ

እማማ ጥሩወርቅ ዛሬ ጠዋት ደብረ ማርቆስ፣ ቤታቸው ውስጥ አረፉ። ዘጠና ስድስት ዓመታቸው ነበር።

ልጃቸው ደውላ ስትነግረኝ አላመንኩም። ስልኩን ዘግቼ መልሼ ደወልኩ። እውነት ነው። ትናንት እኮ «ማመልከቻዬ የት ደረሰ?» ብለው ሲቆጡኝ ነበር።

እኔ የምከታተልላቸው ይህ ማመልከቻ ስማቸው በአርበኞች መዝገብ እንዲሰፍር የሚጠይቅ ነው። ሁለት ጊዜ ተመልሷል፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ባለፈው ሲመለስ አብሬያቸው ነበርኩ።

«እማማ፣ ስንት ጥይት ተኮሱ?» አላቸው ማመልከቻውን የሚያየው ኮሚቴ ሰብሳቢ።

«አንድም። የተኮሱት ግን ወሬ የሚሰሙት ከእኔ ጓሮ ነበር።»

በጣሊያን ጊዜ ይጁቤ አጠገብ ሸማኔ አግብተው ይኖሩ ነበር። አርበኞች ከጠላት መኪና የማረኩትን ሬድዮ ከነባትሪው እነሱ ቤት ደበቁት። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ አንድ ስልከኛ አብሮት መጣ። ሬድዮው ከማጉረምረም በቀር አይናገርም። «ድምፅ እንዲስብ ረጅም ሽቦ ከፍ ብሎ ይሰቀልልኝ» አለ ስልከኛው።

ከጠላት የስልክ መስመር ሽቦ ተቆርጦ መጣ። ሽቦነቱ እንዳይታወቅ እማማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥጥ ጠመጠሙበት። ከቤቱ ጣራ እስከ ጓሮው ባሕር ዛፍ ተወጠረ፤ ላዩ ላይ ፈትል አሰጡበት። ባላቸው ሁለቱን ጫፎች ያሰረው በጠፍር ነበር፤ በአገሩ ጠንካራ ነገር የሚታሰረው በበሬ ቆዳ ነዋ።

ሬድዮው ተናገረ። የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ሲወርድ ግን ዝም አለ። ስልከኛው ባትሪውን ረገመ። እማማ ጠፍሩን ዳሰሱት።

«ርሷል። ድምፁን ቆዳው እየጠጣው ነው» አሉ።

የበሬ ቀንድ አስበስተው ሽቦውንና ጠፍሩን በቀንዱ አለያዩት። በማግስቱ ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት መግጠሙ ተሰማ። ወሬው የዚያኑ ዕለት ጫካ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ባንዳ ጓሯቸው መጥቶ ቀና ብሎ አየ። ቢነቃባቸው ስቅላት ነው።

«አንቺ፣ ፈትል እንዲህ ከፍ ብሎ ይሰጣል?»

«ጥጃ ይበላብኛላ፣ ጌታው! ነው ወይስ አንተ ልትጠብቅልኝ ነው?»

ስቆ ሄደ። ባላቸው «እናውርደው» አለ። እሳቸው እምቢ አሉ። ይህን ሲያወሩልኝ ሁልጊዜ የሚሏት አንዲት ነገር ነበረች፦ «ፈራሁ እንጂ አልተውኩም።»

እማማ፣ እርስዎ ይረፉ፤ ክርክሩን ለእኛ ይተዉልን። ቀብርዎ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ኮሚቴው ከዚያ በፊት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ማመልከቻዎን ለማየት ይሰበሰባል። ሳጥንዎ እንደ አርበኛ ሰንደቅ ዓላማ ይለብስ እንደሆነ የሚወሰነው ያኔ ነው።