ጋሽ ኤርጫፎ የመረጡት ቀለም

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን አዲስ የተቀጠረች ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣችና፣ «ጋሼ፣ ለማስታወቂያው የትኛው ከለር ይሻላል?» አለችኝ። «ጋሼ» መባሉን ገና አልለመድኩትም፤ እሱን ለመርሳት ይመስለኛል ቶሎ ብዬ፣ «የሚያነበው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ግራ ገብቷት አየችኝና «ሰው ነዋ!» አለች። ሳቅኩ። እሷ ወደ ቦታዋ ስትመለስ የእኔ ሐሳብ ግን ሆሳዕና ከተማ ገብቶ፣ ከብዙ ዓመት በፊት በነበረ አንድ ክረምት ውስጥ ቀረ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ በፎንቆና በሆሳዕና መካከል የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። እኔ ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒዩተር ተምሬ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ ስመለስ የጠበቀኝ ሥራ ግን አጎቴ ከድር የከፈተው የኮምፒዩተር ጽሕፈት ሱቅ ብቻ ነበር። ማመልከቻ፣ የሠርግ ካርድ፣ የዕድር ደንብ እንተይባለን። ጀርባቸው እንደ ሞላ ጆንያ ያበጠ ሁለት ስክሪኖች ነበሩን፤ መብራት በሄደ ቁጥር በሩ ላይ ቆመን በቀዩ ጭቃ ውስጥ የሚንገዳገዱትን የፈረስ ጋሪዎች እናያለን። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። አንድ ቀን ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ፕሮግራም እጽፋለሁ ብዬ አምን ነበር። ምን ዓይነት ፕሮግራም እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ጋሽ ኤርጫፎ የመጡት ሐምሌ እንደ ገባ ነው። የቋንቋ መምህር ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ በእሑድ ኮታቸው ላይ እንኳ የጠመኔ ብናኝ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። በላስቲክ ጠቅልለው ያመጧቸውን አራት ወፋፍራም ደብተሮች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በየገጠሩ እየዞሩ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሽማግሌዎችን መንገድ ላይ ሳይቀር እያስቆሙ የሰበሰቧቸው፣ በአካባቢያችን ቋንቋ በሀዲይሳ የተነገሩ ተረቶች ነበሩ። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ጀምረዋል፣ የሚያነቡት መጽሐፍ ግን የለም። የትምህርት ቢሮ ሰዎች፣ ታርሞና ተተይቦ መስከረም ሳይጠባ ከደረሰ ለኅትመት እናየዋለን ብለዋቸዋል።

በሦስት ሳምንት ተይቤ ጨረስኩና እንዲያርሙት ጠራኋቸው። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ፣ ጎንበስ እያሉ አፍንጫቸው መስተዋቱን ሊነካ ደረሰ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አልሆነልኝም» አሉ መሐረባቸውን አውጥተው። «ፊደሎቹ ጉም ውስጥ እንደ ገቡ በጎች ናቸው። መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ለይቼ ልቆጥራቸው ግን አልችልም።»

ፊደሉን አተልቄ አተምኩላቸው። ነጩ ወረቀት ራሱ ዓይናቸውን ይወጋቸው ነበር። አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ታይተው መነጽር እንደማያድናቸው ተነግሯቸዋል፤ ያንን ለማንም አልተናገሩም ነበር። አጎቴ ከድር አዘነና፣ «ጋሼ፣ ለሌላ መምህር ሰጥተው ያሳርሙት እንጂ ምን ቸገረዎ?» አላቸው።

«ፊደል የሚያርም ሞልቷል ከድር» አሉ። «ከሽማግሌዎቹ አፍ የሰማሁት ግን እኔ ነኝ። አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። አንድ ቃል ቢጣመም ማን ያውቃል? በስማቸው የተጣመመ ነገር ለልጆች ከማስተምር ቢቀር ይሻላል።»

ደብተሮቹን መልሰው በላስቲክ ጠቀለሏቸው። ዝናብ እየጣለ ነበር። ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠዋቸው ሲወጡ ከኋላ ሳያቸው፣ ሰው አስከሬን ተሸክሞ የሚሄድ መሰለኝ። ተከትያቸው ሮጥኩ። ለምን እንደ ሮጥኩ ሳላውቅ ጭቃው መሐል ደርሼባቸው የመጣልኝን ጠየቅኩ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ክፍል ውስጥ እንዴት ያስተምራሉ?»

«ሰሌዳ ላይማ አነባለሁ» አሉ እንደ ቀላል ነገር። «ጥቁር ላይ የተጻፈ ነጭ ለዓይኔ ይሻለዋል።»

ያችን ቃል ይዤ ተመለስኩ። በማግስቱ ስክሪኑን ጥቁር፣ ፊደሉን ነጭ አድርጌ አስጠራኋቸው። ትንሽ ተሻላቸው፤ ግን የስክሪኑ ነጭ እንደ ጠመኔ የሞተ ነጭ አይደለም፣ እንደ ባትሪ መብራት ያበራል። ከአምስት መስመር በኋላ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መካከል ላይ የሆነ ቀለም መኖር አለበት፣ ግን የቱ? በምንተይብበት ፕሮግራም አንዱን ቀለም ለመቀየር ብዙ ቦታ መጫን ያስፈልጋል፤ የሚያስመርጠውም ጥቂት ቀለም ብቻ ነበር። ስለዚህ የራሴን ፕሮግራም ልጽፍ ተነሣሁ። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ የፊደሉንና የጀርባውን ቀለም እየለዋወጡ፣ ጽሑፉ ምን እንደሚመስል ወዲያው ማየት።

በአራት ቀን ጨረስኩት፤ እንዴት እንደ ኮራሁ! የቀለሞቹን ስም በዝርዝር ደርድሬ፣ መሐል ላይ «ይህ የሙከራ ጽሑፍ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አኑሬ፣ ለእኔ ያማሩኝን አረንጓዴና ወይን ጠጅ አስቀድሜ ጋሽ ኤርጫፎን አስቀመጥኳቸው። ማውሱን ይዘው ቀስቷን ፈለጓት፤ አጧት። ጠረጴዛው ላይ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ገፉት። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ይህ ለአንተ ዓይን የተሠራ ነው» አሉኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «የቀለሙ ስም ምን ያደርግልኛል? ይህ የሙከራ ጽሑፍ የምትለውንስ ባነበው ባላነበው ማን ይጎዳል? የራሴን ተረት አሳየኝ። ሳነበው እነግርሃለሁ።»

ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሬ እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ አልነበረም።

እንደገና ጀመርኩ። ማውሱን አስቀረሁት። ወደ ላይና ወደ ታች የሚያሳየው ቁልፍ የፊደሉን ቀለምና ድምቀት እንዲለውጥ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያሳየው ደግሞ የጀርባውን ቀለም ቀስ እያለ እንዲለውጥ አደረግሁ። መሐሉ ላይ የመጀመሪያውን ተረታቸውን አስገባሁ። ያን ቀን ባለቤታቸው እትዬ አማረች አብረው መጥተው ነበር፤ ቅቤ የጠገበ ቆጮና አይብ በሳህን ሸፍነው ይዘውልን። እኔና አጎቴ እየበላን ጋሽ ኤርጫፎ ቁልፉን ይጫናሉ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሰማያዊ መጣ፣ አለፈ። አረንጓዴ መጣ፣ አለፈ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔ መብራት እንዳይሄድ በልቤ ዱዓ አደርጋለሁ።

ከዚያ ጠቅታው ቆመ። ስክሪኑ የዝናብ ማግስት አፈር የመሰለ ጥቁር ቡናማ ሆኗል፤ ፊደሉ ቅቤ የመሰለ ፈዛዛ ቢጫ። ለእኔ ዓይን የሚያስጠላ ነበር፤ ለሠርግ ካርድ ባቀርበው ሙሽሪት ታለቅስ ነበር። ጋሽ ኤርጫፎ ወንበራቸው ላይ ተደገፉና፣ ተደግፈው እንዳሉ፣ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። እትዬ አማረች ሳህኑን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ። ባላቸው ሲያነቡ የሰሙት መቼ እንደነበር እንጃ።

ሁለተኛው መስመር ላይ ግን ድምፃቸው ቆመ።

«ይህን ማን ነው የተየበው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«እዚህ ጋ ፊደሉ ሁለት መሆን ነበረበት። አንተ አንዱን ዋጥከው፤ አሁን የሚለው ሌላ ነገር ነው።»

በዚያች አንዲት ገጽ ላይ ሰባት ስሕተት አገኙብኝ። ሀዲይሳ እቤት ስናገረው ያደግኩት ቋንቋ ነው፤ በላቲን ፊደል ተጽፎ ግን አንብቤው አላውቅም ነበር። የማየውን ሳይሆን የመሰለኝን ነበር ስተይብ የከረምኩት። አፈርኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። እኔ ቆጮ ጎረስኩ።

ነሐሴን ሙሉ ከሰዓት በኋላ አብረን ተቀመጥን። እሳቸው ቡናማው ላይ ያነባሉ፣ እኔ አርማለሁ፤ ሲደክማቸው ከሽማግሌዎቹ መካከል ተረቱን ማን እንደነገራቸው፣ ሲናገር እንዴት እጁን እንደሚያወናጭፍ ያጫውቱኛል። ጳጉሜ ላይ ጽሑፉን በሁለት ዲስክና በአንድ ጥራዝ አድርገን አስረከብን። መልስ ለመምጣት ከዓመት በላይ ፈጀ፤ ከተረቶቹም ግማሾቹ ብቻ ታተሙ። ቢሆንም ታተሙ። መጽሐፉ ሲደርሳቸው እቤታቸው ጠሩኝ። ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ፊደል ስለነበረ ሊያነቡት አልቻሉም። በመዳፋቸው ሽፋኑን ዳሰሱ፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ለእኔ ዘረጉልኝ፤ «በል፣ አሁን ተራው የአንተ ነው» አሉኝ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በራሴ ቋንቋ አነበብኩላቸው። ሁለት ቦታ ብቻ አረሙኝ።

ጋሽ ኤርጫፎ አሁን በሕይወት የሉም። ያ ፕሮግራምም ከኮምፒዩተሩ ጋር ሞቷል፤ ቅጂ እንኳ አላስቀረሁም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሺህ ሰው የሚጠቀምባቸው ነገሮች ሠርቻለሁ፤ ከእነሱ መካከል የአንዱንም ተጠቃሚ ፊት አላውቅም። የዚያን ተጠቃሚ ግን አውቀዋለሁ፤ አንድ ሰው ነበር፣ የተጠቀመበትም ለአንድ ክረምት ብቻ ነው። በወጣትነቴ ይህ በጣም ትንሽ ይመስለኝ ነበር፤ አፍሬም ለጓደኞቼ አላወራሁትም። ዛሬ ልጆቼ «አባዬ፣ ከሠራኸው ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው?» ቢሉኝ ስለየትኛው እንደምነግራቸው አውቃለሁ።