ጓሳው ከመከፈቱ በፊት

እኔ አንድ ቤት አልረጋም፤ ከአንዱ ልጄ ወደ ሌላው ስዞር ነው ዓመቱ የሚያልቅ። ዘንድሮ በልጉ ሲቀር መሐል ሜዳ የልጅ ልጄ ዘንድ ሰነበትሁ። ዩኒቨርሲቲ በሽታ እንዴት እንደሚዛመት በስሌት ትማራለች። በጎቼ ገጠር፣ ወንድ ልጄ ዘንድ ናቸው፤ የጎረቤቱ መንጋ ደግሞ ሳል ገብቶበት ሦስት አራት ወድቀውበታል።

እኛ ዘንድ ጓሳው፣ የጋራው ሣር ማለቴ ነው፣ ተከልሎ ይከርምና ድርቅ ሲጠና ሽማግሌዎች ይከፍቱታል። ያን ጊዜ የሰው ሁሉ መንጋ ይቀላቀላል። ለቅዳሜ ሊመክሩበት ተቀጣጥረው ነበር። ልጅቱም እስከዚያ ሳሉ ከበግ ወደ በግ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያልፍ ላግኝ ብላ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፋች።

«ይኼ ኮምፒውተርሽ ዝም ብሎ የሚግለው ምን እያደረገ ነው?» አልኳት።

«ይገምታል፣ እማማ። አንድ ፍጥነት እሰጠውና በሐሳቡ መንጋ ያሳምማል። ያው ፍጥነት አንዴ መንጋውን ይፈጃል፣ አንዴ አንዷን አስሎ ይቀራል፤ ዕድል አለበታ። ስለዚህ እያንዳንዱን ግምት ደጋግሜ ማስሮጥ አለብኝ።»

«ሞኝ ነዋ! አንዴ አይበቃውም?»

«እርስዎስ አንድ ክረምት አይተው ነው ዝናብን ያወቁት?» ብላ ሳቀች።

መብራቱ እየሄደ እየመጣ፣ በዚያ አካሄድ ለቅዳሜ የሚደርስ አልነበረም። ኋላ መላ አገኘች፤ ግምቱ ገና ከጅምሩ ከጎረቤቱ መንጋ ሁኔታ ከራቀ እስከ መጨረሻው አታስሮጠውም፣ ትተወዋለች። ቀረብ ባለው ግምት ዙሪያ ብቻ ትመላለሳለች። ቀናት ይፈጅ የነበረው በግማሽ ቀን አለቀ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ፊቷን ሳየው ግን ተውኩት።

«ምነው?»

«ፈጥኜ ደረስኩ፤ የደረስኩበት ግን ባዶ ነው። ቀስ ብሎ የሚያልፍ ሳልም፣ እሳት የሆነ ሳልም ያንኑ የጎረቤታችንን በጎች ሞት ያመጣሉ። ያየነው በጣም ትንሽ ነው፣ እማማ። አላውቅም።»

ቅዳሜ አብረን ሄድን። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ ያንኑ አለች። «ምናልባት ጥቂት ይሞታሉ፣ ምናልባት ሁሉም። የሚያስሉት ለብቻ ይቆዩ።»

«ለብቻቸው ሆነው ምን ይብሉ? ስሌትሽን?» አላት ወንድ ልጄ። ሰው ሳቀ። ልቆጣው ብዬ ነበር፤ በጎቹ ግን ትዝ አሉኝ። የጎረቤቱ በጎች የጎድን አጥንታቸው ይታያል፤ የእኔም እንዲሁ። ሣሩ ቢዘጋ ረሀብ፣ ቢከፈት ሳል። ጓሳው ተከፈተ።

በማግስቱ መንጋው ሲገባ ጉብታው ላይ ቁጭ ብለን አየን። ነጯ በጌ ከሚያስሉት መሃል ገብታ ሣሩን ትነጫለች፤ ርቧታልና ቀና አትልም። ልጅቱ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ምን ታያለሽ?»

«የትኛዋ መቼ ማሳል እንደምትጀምር። ብዙ ካየሁ ግምቱ ይጠብልኛል።»

«ለማን፣ ልጄ? ጓሳው እንደሆን ተከፍቷል።»

ከታች እርጥብ ሳል ተሰማ፤ የየትኛዋ እንደሆነ መለየት አልቻልንም።