«ደህና» ብቻ የሚያልፍበት መስመር

እስከዳር ጠዋት ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ ለዶክተር ኤሌኒ «መስመሩ ይሠራል» ብላታለች። አሁን ግን ከድብ ባሕር ጤና ጣቢያ የሚላከው የአያ ክንዱ ራጅ ገና ከጅምሩ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው በሬ ደረታቸውን ረግጧቸው ነው የመጡት። ያለችው አምቡላንስ አንዲት ናት፤ ጎንደር ያለው ሐኪም ራጁን ሳያይ ከጤና ጣቢያው በር አትነቃነቅም። እንዲህ ነው ሕጋችን! ድሃ በቃሉ አይታመንም፤ ፎቶው ይመስክርለት!

እስከዳር ጎንደር አጠገብ ካለችው ፀዳ ከተማ ያደገች፣ ኮምፒውተር ቤት ገመድ ስትጎትት ሙያውን ከሰው እጅ የለቀመች፣ ምላሷ ከእጇ የሚፈጥን ሴት ናት። የሆስፒታሉን ኔትወርክ የምትይዘው እሷ ናት። «ምን አይቼ ነው ይሠራል ያልኩት?» እያለች ራሷን ትረግማለች። አይታማ ነበር፤ ፒንግ ልካ። ፒንግ ወደ ማዶ «አለህ ወይ?» ብሎ እንደመጣራት ነው፤ ከወዲያ «አለሁ» ይላል። አንዱም አልጠፋባትም።

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ደወለች።

«መለሰ፣ ራጁ ምነው ቆመ?»

«ኧረ መስመሩስ ሸጋ ነው፣ እግዜር ይመስገን!» አለ የጤና ጣቢያው ነርስ።

«ሸጋውን ተወውና ስክሪኑ ምን ይላል?»

«እሱማ… ‹አልተላከም› ይላል።»

«ታዲያ ሸጋነቱ የቱ ጋ ነው? አያ ክንዱስ?»

«ደህና ነኝ ይላሉ።»

በንዴት ፒንጉን አወፈረችው፤ መልእክት የሚጫንበትን ፓኬት እስከ አፉ ሞልታ ላከች። ዝም። ደገመች። ዝም። ያን ጊዜ ገባት። ድብ ባሕርን ከጎንደር የሚያገናኘው ታነል የሚሉት ስውር መስመር የታማሚ ምስጢር እንዳይታይ እያንዳንዱን ፓኬት በሌላ ፖስታ ይጠቀልላል። ትንሹ ተጠቅልሎም ያልፋል። የሞላው ግን ሲጠቀለል፣ ጭድ የጫነች አህያ ጠባብ በር ላይ እንደምትቀረው ይቀራል።

የፓኬቱን ልክ ልትቀንስ ወደ ራውተሩ ስትገባ እጇ ድንገት ቆመ። «ደህና ነኝ።» አጭር ቃል። ይሄስ ፒንግ አይደል? አገሩ ሁሉ እያጣጣረ «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» ይላል!

«መለሰ! ስልኩን ለአያ ክንዱ ስጣቸው። አያ፣ እስቲ አባታችን ሆይን እስከ መጨረሻው ይበሉልኝ።»

«ምነው ልጄ… ልትገንዥኝ ነው?»

«ይበሉ ስልዎ!»

«አባታችን ሆይ… በሰማያት…» ትንፋሹ ተቆረጠ። «የምትኖር…» ደግሞ ተቆረጠ። «ስምህ…»

መስመሩ አልተቋረጠም። የሚቋረጡት ሰውየው ናቸው።

ዶክተር ኤሌኒ ከኋላዋ ቆማ ትሰማ ኖሯል። «ሳንባቸው ተጎድቷል! አምቡላንሷ አሁኑኑ ትነሣ፤ ራጁ ሲደርስ ይድረስ!»

እስከዳር ልኩን ቀነሰች። ራጁ መጣ፤ ግራ ደረታቸው ውስጥ ሳንባው ተጨምድዶ ጥግ ይዟል። ዶክተሯ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሮጠች። መኪናዋ ግን ገና መንገድ ላይ ናት። እስከዳር እንደገና ደወለች።

«እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው» አለ መለሰ ከአምቡላንሷ ውስጥ።

«ደህና አትበለኝ! ጸሎቱን የት አደረሱት?»

መለሰ ወደ ሽማግሌው አፍ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ።

«‹መንግሥትህ ትምጣ› ላይ ናቸው።»