የአባ ቋጠሮ እጅ

በፖሊስ ጣቢያው እቃ ቤት የሚሠሩትን ሽማግሌ ሁሉም ሰው አባ ቋጠሮ ነው የሚላቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ቆመጥ ሲያወጡና ሲያስገቡ ኖረዋል። መዝገቡ ላይ «ቆመጥ» ተብሎ ይጻፋል፤ ፖሊሶቹ «ዱላዬን ስጡኝ» ይላሉ፤ የገበያ ሴቶች ደግሞ «አጎት መጣ» ይላሉ፣ ሳይጠራ ስለሚመጣ።

የእያንዳንዱን ቆመጥ እጀታ አባ ቋጠሮ ራሳቸው በሲባጎ ይጠመጥሙታል፣ ላብ እንዳያንሸራትተው። ጫፉን ሲቋጥሩ የአንዱ ፖሊስ ቋጠሮ ከሌላው አይመሳሰልም። ዓይናቸውን ጨፍነው ቢዳብሱት የማን እንደሆነ ያውቃሉ።

አንድ ቀን ጠዋት የጣቢያው አዛዥ አስጠራቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቆመጥ ተጋድሟል። ጥግ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ትናንት በገበያው ግርግር ወንድሟ ጭንቅላቱን ተመቶ እስካሁን አልነቃም። ቆመጡን ከአጠገቡ አንስታ ያመጣችው እሷ ናት።

«ትናንት ሦስት ፖሊሶች ቆመጥ ጥለው ገብተዋል፤ ሦስቱም ማንንም አልነካንም ይላሉ» አለ አዛዡ። «ይሄኛው የማን ነው?»

አባ ቋጠሮ አነሱት። ጣታቸውን እጀታው ላይ አሳለፉ። ሁለቴ ወደ ግራ ዞሮ የተሸጎጠ፣ አሁን ጫፉ የላላ ቋጠሮ፤ ከሦስቱ ፖሊሶች የአንዱ፣ የልጃቸው ባል ነው። ልጃቸው ደግሞ ወሯ ገብቶ ዛሬ ነገ እየተባለች ነው።

«አላወቅሁትም» አሉ።

«ደህና አርገው ይዩት እንጂ አባባ» አለች ሴትዮዋ። «ወንድሜ የተበተነ ቲማቲሙን እየለቀመ ነው የተመታው። ቲማቲም እየሮጡ አይለቀም።»

«ዓይኔ ደክሟል ልጄ።»

ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል፤ ጣታቸው ግን አልደከመም። የላላውን የሲባጎ ጫፍ አገኘና ሁለቴ ወደ ግራ አዙሮ ሸጎጥ አደረገው። የላላ ነገር ይዞ ዝም ማለት የማያውቅ እጅ ነው። እሳቸው የነቁት አዛዡ እጃቸውን ትኩር ብሎ ሲያይ ነው።

«የማያውቁትን ቋጠሮ ሳያዩ አሰሩት?» አለ አዛዡ ቀስ ብሎ።

ቆመጡን መለሱና እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ እንደ ሌባ።

«የልጄ ባል ነው» አሉ።

ሴትዮዋ አላመሰገነቻቸውም፣ አልረገመቻቸውምም። ብቻ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

ከሥራ ሲወጡ ወደ ልጃቸው ቤት አመሩ። ልጃቸው ሆዷን ደግፋ በሩን ከፈተችና ከኋላቸው ወደ መንገዱ አየች።

«አባዬ፣ እሱስ? ቀረብኝ እኮ፣ ልፈልገው ልወጣ ነበር።»

የጫማዋ ክር አልታሰረም፤ ጎንበስ ማለት አትችልም። አባ ቋጠሮ ተንበርክከው ክሩን ያዙት። ያ እጅ ያን ቀን እምቢ አላቸው። ክሩ እየተንሸራተተ ሦስቴ አመለጣቸው፤ ልጃቸውም ከላይ ሆና «አባዬ?» አለች።