የተፋጠነው ካርድ እና የተቆረጡት አክስት

ጆሮ ያለው ይስማ፤ የሌለው ከጎረቤት ይዋስ! ታሪክ በዛሬው ዕለት ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ነገሥታቱንና ጄኔራሎቹን ገለል በሉ ብላ፣ አንድ ሰው ወደ ፊት ትጠራለች፦ የሠርግ ፊልም አቀናባሪውን ቶሎን! ጫማው የተንሻፈፈ፣ ግዛቱም በአልጋና በልብስ ማጠቢያ ማሽን መካከል የተሸጎጠች አንዲት ጠረጴዛ ናት።

ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ፊልሙ መቼ ይደርሳል ሲሉት "ቶሎ" ይላል፤ ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው፣ ልጁን አስከትለው መጥተው ይወስዳሉ። ሰነፍ ግን አይደለም። አንዲት እንባ ጉንጭ ላይ ሳትደርስ ብትቆረጥ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው። የሚያጓትተው ኮምፒውተሩ ነው።

በዚህ መሀል የሚስቱ ታናሽ እህት አገባች። አባትየው ዳሌያቸው ተሰብሮ ተኝተው ስለነበር ሠርጉን አላዩም። ልጃቸውን እጇን ይዘው ከቤት ያወጧትና በእሳቸው ፈንታ የተናገሩት እህታቸው ናቸው። እናም አባትየው ይህን በዓይናቸው ለማየት እሑድ ከሰዓት ቤተ ዘመዱን ጠሩ። የቶሎ ሚስትም "አባዬ፣ ፊልሙ እሑድ ይደርሳል፤ በእኔ ይሁንብህ" ብላ ቃሏን ሰጠች። ምስኪን!

ባልና ሚስት ተያይዘው ኮምፒውተር መሸጫ ገቡ። ሻጩ የኮምፒውተርን የምስል ሥራ የሚያፋጥኑ ሁለት ግራፊክስ ካርዶች አወጣ። አንደኛው የአምና ነው፤ ካርቶኑ ግራጫ፣ ዋጋው የወረደ። ሁለተኛው ሦስት ማራገቢያና ቀይ መብራት አለው፤ ካርቶኑ ላይ ጭራቅ ያገሣል።

"ይኼ ታድሶ የመጣ ነው" አለ ሻጩ ሁለተኛውን እያሳየ። "ፍጥነቱም ከፋብሪካው ተጨምሮለታል።"

"ምኑ ነው የታደሰው?" አለች ሚስት።

"ሁለመናው፣ እህቴ።"

"ሆዱስ? ከአምናው ይለያል?"

"ሆዱ እንኳ… ያው ነው። ግን ይሮጣል! ሃያ ደቂቃ የሚፈጀውን በአሥራ ዘጠኝ ይጨርስልሻል።"

"በተረፈችው ደቂቃ ምን ልሥራባት?"

ቶሎ ግን ጭራቁን አይቶ ልቡ ቀልጧል። "አንቺ ደግሞ! ዕድሜ ልኬን ቀርፋፋ ስባል ኖሬ አንድ ቀን ብሮጥ ምን አለበት?"

"ሩጥ የኔ ጌታ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብቻ እንዳይሆን።"

ፋብሪካውን ማድነቅ ይገባል። የአምናን ዕቃ ፊቱን አጥቦ፣ መብራት አንጠልጥሎ፣ ትንሽ አስሩጦ "አዲስ መጣ" ማለት ቀላል ጥበብ አይደለም። እኔና እናንተ ብናደርገው ፖሊስ ይጠራብናል። ደግሞም አንዋሽ፤ ሰፊ የኮምፒውተር ሣጥንና በቂ የኤሌክትሪክ ኃይል ላለው ሰው ካርዱ እንደተባለው ይሮጣል። የቶሎ ሣጥን ግን ጠባብ ነው። ካርዱ አልገባ ሲለው የጎን ክዳኑን ነቅሎ እንደምንም ወተፈው።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርጥራጩን ሁሉ አንድ ፊልም አድርጎ ማውጣት ጀመረ። ማራገቢያዎቹ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኹ። ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል ማያው ድርግም ብሎ ጠፋ። ደገመው፤ እዚያው ላይ ጠፋ።

አዲስ ዕቃ መቼ ይጠረጠራል? ቶሎ ዘመድ ጠረጠረ። መጀመሪያ ጭፈራ አብዝታለች ያላትን የአጎት ልጅ ከፊልሙ ቆረጠ። ጠፋ። ኬኩን ቆረጠ። ጠፋ። በመጨረሻ አክስቲቱን ቆረጠ።

"አክስቴስ?" አለች ሚስቱ ማያውን አይታ።

"አወጣኋቸው።"

"ምን አደረጉህ?"

"ቀሚሳቸው ያብለጨልጫል። ካርዱን ሳያደክሙት አይቀሩም።"

"አባዬ ሰው የጠራው እሳቸውን ሊያይ አይደለም እንዴ?!"

አክስቲቱ ወጥተውም ማያው ጠፋ። እሑድ ጠዋት ቶሎ ለሻጩ ደወለ።

"ይሞቃል?" አለ ሻጩ።

"እንቁላል ይጠበስበታል።"

"እንግዲያው ፍጥነቱን ቀንስለት። በአምናው ልክ አድርገው።"

"የከፈልኩት እኮ ለፍጥነቱ ነው!"

"ወንድሜ፣ ገዝተኸዋል። የግድ ተጠቀምበት ያለህ የለም።"

ቀነሰው። ማራገቢያዎቹም ዝም አሉ፤ አክስት የሌሉበት ፊልም ከቀትር በፊት ተጠናቆ ወጣ። ቶሎ ፍላሹን ይዞ በሩ ድረስ ሄደ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ ሊደርስ ነው፤ የሚስቱም ቃል ሊከበር ነው። እጀታውን ይዞ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና አክስቲቱን ወደ ቦታቸው ይመልስ ጀመር።

"ቃል የገባሁት እኔ ነኝ" አለች ሚስቱ።

"አውቃለሁ። ደውዪና በእኔ አመካኚ።"

አየችው። ስልኩን አነሣች፤ ግን በእሱ አላመካኘችም። "አባዬ፣ እንዘገያለን። ብታየው ግን አይቆጭህም" ብቻ አለች።

ሲደርሱ ግማሹ ዘመድ ሄዷል፤ ግማሹ ኮቱን እየለበሰ ነው። አማቱ ከትራሳቸው ቀና አሉ። "መጣህ ልጄ? እኔማ ዳሌዬ ድኖ ይቀድምሃል ብዬ ነበር!" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፊልሙ ተከፈተ። አክስቲቱ ሙሽራዋን እጇን ይዘው ከበሩ ወጡ፤ ቆሙም። "ወንድሜ መቆም ቢችል ኖሮ፣ እዚህ የሚቆመው እሱ ነበር" አሉ። ሽማግሌው "ድገምልኝ" አሉ። ቶሎ ደገመላቸው። ኮት የለበሱትም ኮታቸውን አወለቁ።

ሰኞ ቶሎ ካርዱን ታቅፎ ሻጩ ዘንድ ሄደ፤ በግራጫው ለመለወጥ።

"አልቋል" አለ ሻጩ። "ይኼ ሲመጣ ያ ረከሰ፤ ብልጦቹ ተሻሙት።"

"ታዲያ ይኼ የታደሰው የጠቀመው ማንን ነው?"

"ያልገዙትን ነዋ!"

"የእኔስ መቼ ይረክሳል?"

"ሌላ ታድሶ ሲመጣ።"

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ቶሎም ሆነ እኛ ቀጣዩን ካርድ በርካሽ ማግኘት አለብን። ስለዚህ አደራህን፣ በሚመጣው ጊዜ ጭራቅ ያለበትን ካርቶን ስታይ ቀድመህ ተሰለፍና ግዛልን፤ አንተ አዲሱን ካልገዛህ እኮ እኛ አሮጌውን በርካሽ አናገኝም!